አባቴ ካራማራ አልነበረም

(በድሬዳዋ፣ ከሶማሊያ ጋር በተደረገው ጦርነት የተገኘው የካራማራ ድል በሚታሰብበት በየካቲት 26 ሰሞን የተደረገ ንግግር። ለንባብ እንዲመች አንዳንድ ቦታ ተቃንቷል።)

እንደምን አመሻችሁ። በዚህ ሙቀት ቤታችሁን ትታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ከእኔ በፊት የተናገሩት አባት ስለ ብርጌዱ፣ ስለ ታንኩ፣ ስለ አየር ኃይሉ በደንብ ነግረውናል። እኔ ጋ ታንክ የለም። የማወራላችሁ ስለ አንድ ሚሊሺያ ነው። ከጦርነቱ በኋላ ዕድሜውን ሙሉ እዚሁ ድሬ ሬዲዮና ቴፕ ሲጠግን የኖረ ሰው ነው። አባቴ ነው።

አዘጋጆቹ ሲጋብዙኝ «የካራማራ ጀግና ልጅ» ብለው ነው የጠሩኝ። ደስ ይላል፣ አልዋሽም። ግን እዚህ ቆሜ ልቀጥልበት አልችልም። አባቴ ካራማራ አልነበረም። የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. ሠራዊቱ ጅጅጋ ሲገባ እሱ ሐረር ሆስፒታል አልጋ ላይ ነበር። ግራ እግሩ ከጉልበቱ በታች ከተቆረጠ ወር አልፎታል። ድሉን የሰማው ከነርሶቹ እልልታ ነው።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ይህን ለሰው ሁሉ ያስረዳ ነበር። «እኔ የተመታሁት ፈዲስ ነው» ይላል። ሰሚው ፈዲስን አያውቅም። ቢያውቅም ቅር ይለዋል። ካራማራ የሚባል ስም እያለ ፈዲስን ማን ይፈልጋል? በኋላ ሰለቸው መሰለኝ፣ ተወው። ሰው «ካራማራ» ሲለው አንገቱን ነቅነቅ ያደርግና ሻዩን ይጠጣል። እኛም ልጆቹ ትምህርት ቤት «አባቴ ካራማራ ቆስሎ ነው» እያልን አደግን።

ዛሬ ልል የመጣሁት አንድ ነገር ነው። የቆሰለን ሰው ስናስታውስ፣ እኛን የሚመቸንን ቁስል መርጠን ነው የምናስታውሰው። ቦታውን እንመርጥለታለን። ቀኑን እንመርጥለታለን። የትኛው ጠባሳው እንደሚወራ ሳይቀር እኛው እንመርጥለታለን። የቀረውን ሆድ ይፍጀው ብሎ ይዞት ይሄዳል። አባቴ ይዞት ሊሄድ ምንም አልቀረውም ነበር። እዚያ እደርሳለሁ።

መጀመሪያ ጦርነቱን ባጭሩ። እኔ የታሪክ መምህር ነኝ፤ ካልከለከላችሁኝ እስከ እኩለ ሌሊት አወራለሁ።

የሶማሊያ ጦር በሙሉ ኃይሉ የገባው ሐምሌ 1969 ነው። በነሐሴ አጋማሽ ይቺው ድሬዳዋ ራሷ ተደበደበች፤ ከፊት የተቀመጣችሁት ትልልቆቹ ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። ከተማዋ አልተያዘችም። ባቡሩ ግን ቀድሞ ቆሟል፤ ድልድዮቹ ፈርሰዋል። በመስከረም 1970 ጅጅጋ ተያዘች፣ የካራማራም በር አብሮ ሄደ። ከዚያ እስከ ጥር ድረስ ሐረር ተጨንቃ ከረመች። በጥር ከተማዋን ለመያዝ ትልቅ ሙከራ ተደረገ። ውጊያው እዚያው ሐረር አጠገብ ባሉት ኮምቦልቻና ፈዲስ አካባቢ ነበር። የኩባ ወታደሮችም ያኔ ነው ወደ ውጊያው የገቡት። ሙከራው ከሸፈ። የመልሶ ማጥቃቱ፣ ካራማራውም፣ ጅጅጋውም የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ሐረር ባትጸና ኖሮ ወደ ካራማራ የሚኬድበት መንገድ አይኖርም ነበር። ለተማሪዎቼ ሁልጊዜ የምለው ይህን ነው። ፈዲስ የሚያሳፍር ስም አይደለም።

አባቴ የመንዝ ልጅ ነው። ሚያዝያ 1969 የእናት አገር ጥሪ ሲታወጅ በሬ ጠምዶ የሚያርስ ገበሬ ነበር። ታጠቅ ጦር ሰፈር ገባ። ጥቂት ወራት ሠለጠነ። ሐረር የሚባል አገር ከዚያ በፊት አይቶ አያውቅም። ሲመታ ዕድሜው 23 ነው፣ ወይም 24። የተወለደበትን ቀን የጻፈለት ሰው የለም።

ይበቃል። አሁን ወደ እግሩ ልምጣ። ቤታችን ውስጥ ጦርነት ማለት እግሩ ነበር።

መጀመሪያ የተሰጠው እግር ከእንጨትና ከቆዳ የተሠራ ነበር። ጭኑ ላይ በጠፍር ይታሰራል። ይከብዳል። ቆዳው ላብ ይጠጣል፣ ከዚያ ይሸታል፣ ከዚያ ይሰነጠቃል። ለመንዝ ብርድ ቢሆን ደግ ነበር። ድሬን ግን ታውቋታላችሁ። ግንቦት ላይ ጥላ ሥር የተቀመጠ ሰው ላብ በላብ ይሆናል። የተቆረጠው እግር፣ እሱ «ጉቶዬ» ነበር የሚለው፣ አንድ ቀን ሙሉ አንድ መጠን ሆኖ አይውልም። ያብጣል፣ ይሟሽሻል። የሚገባበት ቀዳዳ ግን ያው ነው። ስለዚህ የሚስተካከለው በካልሲ ነው። ጠዋት ሁለት ካልሲ፣ ከሰዓት ሦስት። ሱቁ ውስጥ ሬዲዮ ፈትቶ እየሠራ ድንገት ተነስቶ ከመጋረጃ ኋላ ይገባል። ካልሲ ሊጨምር ነው። ደንበኛው ሽንት ቤት የሄደ ይመስለዋል።

ካልሲ ማጠብ የልጆች ሥራ ነበር። ነጭ የጥጥ ካልሲ። ሁለቴ በሳሙና፣ ከዚያ ውሃው እስኪጠራ ማለቅለቅ። ሳሙና ከቀረበት ቆዳውን ያቃጥለዋል። ስፌቱ ወደ ውስጥ ዞሮ ከተለበሰ ያቆስለዋል። ክብደቱ በሙሉ የሚያርፈው ከጉልበቱ ሎሚ ሥር ባለው ጅማት ላይ ነው። እዚያ ላይ የሽምብራ ፍሬ የምታክል ቁስል ከወጣች በቃ፣ እግሩ ግድግዳ ተደግፎ ይቆማል። ሱቁም ይዘጋል። ሱቁ ሲዘጋ እማዬ ወጡን ታቀጥነዋለች። ስለዚህ ካልሲ ማለት ለእኛ ቤት ቀልድ አልነበረም። ወንድሜ አንድ ጊዜ ካልሲውን በደንብ ሳያለቀልቅ ሰቅሎ የተመታውን አለንጋ እስከ ዛሬ ያወራል። የመታው አባቴ አይደለም፣ እማዬ ናት።

ሌሊት ሌላ ነገር ነበር። የሌለው እግር ያመዋል። ይህ ለሐኪሞች አዲስ ነገር አይደለም። አምብሯዝ ፓሬ የሚባል ፈረንሳዊ የጦር ሐኪም በ16ኛው መቶ ዘመን ጽፎታል። እኛ ግን ፓሬን ከየት እናውቀዋለን? እኛ የምናውቀው አባታችን ሌሊት ተነስቶ «ጣቴን፣ ጣቴን» ሲል ነው። ትንሿ የእግር ጣቱ ታጥፋ የቀረች ይመስለዋል። ይዘረጋታል፣ አትዘረጋም። የለችማ! አያቴ ከመንዝ ስትመጣ ጠበል አስመጣች። አንዱ ጎረቤት ደግሞ የተቆረጠው እግር ጠማማ ሆኖ ተቀብሮ ነው፣ ወጥቶ ይቃና አለ። ማን ያውጣው? የት ነው የተቀበረው?

እማዬ የራሷን መላ አገኘች። ቀኝ እግሩን ይዛ ትንሿን ጣት ቀስ አድርጋ ትስብለታለች። አባቴ ደግሞ ግራውን እያሰበ ቀኙን ያያል። ይለቀዋል። ሁልጊዜ አይደለም፣ ግን ይለቀዋል። ከብዙ ዓመት በኋላ ራማቻንድራን የሚባል ሐኪም በመስታወት የሚደረግ ሕክምና እንዳመጣ አነበብኩ። ሰውየው ጤነኛ እግሩን በመስታወት ያየዋል፣ አእምሮው የጎደለው የተመለሰ ይመስለዋል፣ ሕመሙ ለአንዳንዱ ሰው ይቀንስለታል። ለእማዬ ነገርኳት። «ታዲያ መስታወት ምን ያደርጋል?» አለችኝ።

ስለ እማዬ ካነሳሁ አይቀር፣ እሷ የድሬ ልጅ ናት። በጦርነቱ ጊዜ የቀበሌ ሴቶች ስንቅ ያዘጋጁ ነበር። በሶ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ድርቆሽ። እሷም ገና ኮረዳ ሆና በሶ ስትወቅጥ ነው የከረመችው። «አባታችሁ የበላው በሶ የእኔ ሊሆን ይችላል» ትላለች። አባቴ ደግሞ «አሸዋ የነበረበት ከሆነ አዎ» ይላታል። የተገናኙት ከጦርነቱ በኋላ ነው። ሬዲዮ ልታሠራ መጣች። ሬዲዮው ምንም አልሆነም፣ ባትሪው ተገልብጦ ነው የገባው። አባቴ ሒሳብ አልጠየቃትም። ይህን ታሪክ እሷ ትክደዋለች።

ከጊዜ በኋላ ፖሊፕሮፒሊን ከሚባል ፕላስቲክ የሚሠራው እግር መጣ። ዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ለእኛ ዓይነት አገር እንዲስማማ ብሎ ያስፋፋው ነው። ቀላል ነው፣ ላብ አይጠጣም፣ በውሃ ይታጠባል። አባቴ ያንን እግር ባጠለቀ ቀን ከዚራን ሁለት ጊዜ ዞራት። በየዛፉ ጥላ ሥር የሚቀመጡትን ሰዎች አንድ በአንድ ሰላም አለ። ሰዉ «ምን ተገኘ?» ይላል። እሱ ሱሪውን ሰብሰብ አድርጎ ያሳያል። እግሩን ለማሳየት አፍሮ አያውቅም። ይህችን ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

1983 ሲመጣ ሁሉም ነገር ተገለባበጠ። ግማሽ ሚሊዮን ገደማ የነበረው ሠራዊት በጥቂት ሳምንት ውስጥ ፈረሰ። ትናንት የአብዮት ጀግና የተባለ ሰው ዛሬ «የደርግ ወታደር» ሆነ። የደንብ ልብስ የለበሱ ሰዎች መንገድ ላይ ሲለምኑ ያየን ልጆች ነን። መልሶ ማቋቋሚያ ኮሚሽን ተቋቁሞ ብዙ ሰው ወደየአገሩ ተሸኝቷል። አባቴን ያዳነው ሶልደሩና የብየዳ ብረቱ ነው። ኮንትሮባንድ ሬዲዮና ቴፕ በሚጎርፍበት ከተማ ጠጋኝ ሥራ አያጣም። ሜዳሊያውን ግን ሣጥን ሥር ከተተው። ለረጅም ጊዜ የካቲት 26 የሚባል ቀን በቤታችን አልተነሳም። አገሩም ቢሆን ብዙ አላነሳውም። እንደገና በየዓመቱ መከበር የጀመረው ቅርብ ጊዜ ነው። ሰው ደጋግሞ «የካራማራ ጀግና» ይለው የጀመረው ያኔ ነው። ጡረታውስ? አትጠይቁኝ። ቆመ፣ ተጀመረ፣ እንደገና ቆመ።

ስለ ጎረቤታችን ካልተናገርኩ ይህ ወሬ ጎዶሎ ነው። ኤዶ ነው የምንላት፣ ሶማሌ ናት። ታናሽ ወንድሟ በዚያው ጦርነት በወዲያኛው ወገን ዘምቶ አልተመለሰም። አባቴ ያውቃል። እሷም የአባቴን እግር ታያለች። በዚያ ጉዳይ አንድም ቀን አልተነጋገሩም። ከሰዓት በኋላ፣ ሰዉ በሙቀቱ በተኛበት ሰዓት፣ ኤዶ ቁጢ፣ የቡና ቅጠል ሻይ ማለት ነው፣ አፍልታ በፔርሙስ ትልክለታለች። በወተት፣ ትንሽ ጨው ጣል ተደርጎበት። እሱ የሬዲዮዋን ገንዘብ አይቀበልም።

በ1980 ኢትዮጵያና ሶማሊያ ተስማሙና ምርኮኞች ተለዋወጡ። ከኢትዮጵያ ወገን ብቻ ከ3 ሺህ በላይ ሰው ነው የተመለሰው። አሥር ዓመት ከዚያም በላይ ታስረው የኖሩ ነበሩ። አባቴ አንድ አብሮ አደጉ ጠፍቶበታል፤ ከመንዝ አብረው የወጡ ናቸው። ሞተ ያለው ሰው የለም። ኤዶም የወንድሟን ሬሳ ያየ አላገኘችም። በዚያ ሰሞን ሱቁ ውስጥ ሁለቱ አንድ ሬዲዮ ፊት ተቀምጠው ያመሻሉ። እሱ የአማርኛውን ዜና ይከፍታል። ሲያልቅ ጣቢያውን እያዞረ የሶማሊኛውን ይፈልግላታል። እኔ ልጅ ነበርኩ፣ የሚጠብቁት ሰው አንድ ይመስለኝ ነበር። የጠበቁት ሰው ለሁለቱም አልመጣም። አንድ ማታ ኤዶ ተነስታ «ወርያ፣ ዝጋው በቃ» አለችው። ዘጋው።

ስለዚህ የካቲት 26ን ስናከብር እባካችሁ ጎረቤቶቻችን እንዳሉ አንርሳ። የድሬ ልጅ ይህን ከማንም ሊማር አይገባውም።

አሁን ወደ ጎርፉ። ሐምሌ 1998 መጨረሻ፣ ሌሊት፣ የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ መጣ። ከ250 በላይ ሰው ወሰደ። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ዘመድ ያጣ ሰው ይኖራል፣ ነፍስ ይማር። እኛ ቤት ሰው አልሞተም። ውሃው በበሩ ሥር ሲገባ እማዬ መጀመሪያ ያነሳችው እግሩን ነው። ብርድ ልብስ አይደለም፣ ብር አይደለም፣ እግሩን። ብብቷ ሥር ሸጉጣ፣ አባቴን በሌላው ክንዷ ይዛ ወጣች። ሣጥኑ ቀረ። ሜዳሊያው፣ የሆስፒታሉ ወረቀት፣ ታጠቅ የተነሳው ፎቶ፣ ሁሉም ሄደ።

ከዚያ በኋላ አንድ ቢሮ ማስረጃ ፈለገ። የትኛውን እንደሆነ አልናገርም፤ ቢሮ ነው። «የጦር ጉዳተኛ መሆንዎን የሚገልጽ ደብዳቤ» አሉት። አባቴ እግሩን ፈታና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ጸሐፊዋ ጮኸች። እሱ «ደብዳቤው ይኸው» አለ። ተቆጡት፣ ተሳደቡ፣ በኋላም ተሳሳቁ። ደብዳቤውን ግን አሁንም ፈለጉት። ሁለት ምስክር አምጣ ተባለ። ምስክር ሊሆኑ የሚችሉት ሰዎች ወይ ሞተዋል፣ ወይ ያሉበት አይታወቅም።

ያኔ ነው የታሪክ መምህርነት ስሜት የመጣብኝ። እስቲ እኔ ልመዝግበው አልኩ። የት ተመታህ፣ በምን ተመታህ፣ ከማን ጋር ነበርክ። ወንድሜን ጠየቅሁት፣ «ሞርታር ነው» አለኝ፤ ለእሱ የነገረው እንደዚያ ነው። ታናሽ እህቴ «ፈንጂ ረግጦ ነው» አለች። እኔ የማውቀው ደግሞ ሌላ ነው። ለእያንዳንዳችን አንድ አንድ ታሪክ አከፋፍሎናል። እሱን ስጠይቀው «ምን ያደርግልሻል? እግሩ እንደሆነ አይመለስ» አለኝና ቀያሪ ሽቦ ፍለጋ መሳቢያ ከፈተ።

መልሱ የመጣው ካልጠበቅሁት ቦታ ነው። በ2005 ሳል ጠናበት። ደረቱን ራጅ ተነሳ። ፊልሙ ሲወጣ አብሬው ነበርኩ። ሳንባው ደህና ነበር። ግን ትከሻው አጥንት አካባቢ፣ ወደ ጀርባ አጥንቱም ጠጋ ብሎ፣ ነጫጭ ነጠብጣቦች አሉ። ደማቅ ነጭ። አንዳንዷ የስንዴ ፍሬ ታህላለች፣ አንዷ ግን ጥፍር ታክላለች። ባለሙያው ፊልሙን ወደ መብራቱ ከፍ አድርጎ «አባት፣ ጀርባዎን ተመተው ያውቃሉ?» አለው። አባቴ ልብሱን እየለበሰ ነበር። ቁልፉን እስከ አንገቱ ቆለፈና «የድሮ ነው» አለ። መንገድ ላይ ቃል አልተናገረም።

ያኔ አንድ ነገር ገባኝ። ድሬ ውስጥ ወንድ ሁሉ ከሰዓት በኋላ ሽርጡን አገልድሞ፣ ከወገቡ በላይ ራቁቱን ወይም በካናቴራ ይቀመጣል። አባቴን እንደዚያ አይቼው አላውቅም። ግንቦትም ይሁን ሰኔ፣ ቤት ውስጥም ቢሆን፣ ሸሚዝ ነው። እኔ የመንዝ ጨዋነት ይመስለኝ ነበር። እግሩን ለጸሐፊ ጠረጴዛ ላይ የሚያስቀምጥ ሰው፣ ጀርባውን ከገዛ ልጆቹ ደብቆ ኖሯል።

እማዬ ታውቅ ነበር። ከተጋቡ ጀምሮ ታውቅ ነበር። እሱ ካረፈ በኋላ፣ በ2009፣ ሐዘኑ ሲረጋ ነገረችኝ። እንዲህ ነው። ፈዲስ ላይ መድፍ ሲወርድባቸው «ተኛ!» ተባለ። ተኛ። የመጀመሪያው ከኋላቸው ወደቀ፤ ጀርባው ላይ ያለው የዚያ ፍንጣሪ ነው። ከአጠገቡ ያለው አልተነሳም። አባቴ እሱን ሊጎትት ሲሳብ ሁለተኛው መጣና እግሩን ወሰደው። ይኸው ነው። ሞርታር ይሁን ከባድ መድፍ እሱም አያውቅም ነበር።

ታዲያ ይህ ምኑ ያስደብቃል? እዚህ ላይ ነው ነገሩ። ሐረር ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ ነርሷ ጀርባውን ልታጥብ ገለበጠችው። ከጎኑ ያለው ቁስለኛ አየና ቀለደ። «አንተዬ፣ ጀርባህን ነው እንዴ? ወዴት እየሄድክ ነበር?» ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። ሰውየው ክፉ አልነበረም ትላለች እማዬ፤ እሱም ሆዱን ተመትቶ ነው፣ በሳምንቱ ሞተ። ቀልዱ ግን አልሞተም። አባቴ ያቺን አንዲት ዓረፍተ ነገር ሸሚዝ አልብሶ ከ35 ዓመት በላይ ይዟት ኖረ።

እኔ ይህን ከሰማሁ በኋላ ተናደድኩ። በማን እንደተናደድኩ ለማወቅ ጊዜ ወሰደብኝ። በሟቹ ቁስለኛ አይደለም። በፉከራችን ነው። ፉከራና ቀረርቷችን የጦርና የጎራዴ ዘመን ልጅ ነው። ያኔ ሰውና ሰው ፊት ለፊት ነው የሚገናኘው። ደረቱን የተመታ ቆሞ ነበር፣ ጀርባውን የተመታ ሸሽቶ ነበር፤ ያኔ ሊያስኬድ ይችላል። መድፍ ግን ፊትህን አያይም። ከብዙ ኪሎ ሜትር ይመጣል፣ መሬት ላይ ይፈነዳል፣ ፍንጣሪው ዙሪያውን ይበተናል። ሲወርድ ወታደር ደረቱን መሬት ላይ ይለጥፋል። የታዘዘውም ይህንኑ ነው። ደረቱን ለመሬት የሰጠ ሰው ለሰማይ የሚቀረው ምኑ ነው? ጀርባው። ትእዛዝ አክብሮ የተኛ ወታደር ነው ጀርባውን የሚመታው። ቆሞ የሮጠውማ የትም ሊመታ ይችላል። ይህን አባቴ አያውቅም ነበር ማለት አልችልም። እሱ ነበር እዚያ። ግን ማወቅና የክፍሉን ሳቅ መርሳት ይለያያሉ።

ሐኪሞች እንዲህ ያለውን ፍንጣሪ ብዙ ጊዜ አያወጡትም። ሰውነት ዙሪያውን ሸፍኖ ያስቀምጠዋል፤ ማውጣቱ ከመተዉ ይልቅ ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ ከአባቴ ጋር አብሮ ተቀብሯል። ፊልሙ እኔ ጋ አለ። ወረቀቱን ጎርፍ ወስዶታል፣ ሜዳሊያውን ጎርፍ ወስዶታል። ቤተሰባችን ያለው የጦርነት ማስረጃ ያ ፊልም ብቻ ነው።

አንድ ነገር ልለምናችሁና ላብቃ። በ1970 የ18 ዓመት ልጅ ሆኖ የዘመተ ዛሬ ስልሳውን አጋምሷል፤ ያም ትንሹ ነው። ቤታችሁ እንደዚህ ያለ ሰው ካለ ስለ ድሉ አትጠይቁት፤ እሱን ቴሌቪዥኑም ይነግራችኋል። ካልሲውን ማን እንደሚያጥብለት ጠይቁት። ሌሊት የትኛው ጣቱ እንደሚያመው፣ ሆስፒታል ከጎኑ ማን እንደነበረ፣ ሰው ምን ብሎት እንደነበር ጠይቁት። እሱ ካልነገራችሁ ሚስቱን ጠይቁ። እሷ ታውቃለች።

ከንግግሩ በኋላ ጥያቄዎች ነበሩ። አብዛኞቹ ስለ ጡረታና ስለ ወረቀት ነበሩ፤ የማውቀውን መለስኩ። አንድ አዛውንት ግን ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሱና «ልጄ፣ መልካም ተናገርሽ። ግን አባትሽ የደበቀውን ጀርባ አዳራሽ ሙሉ ሕዝብ ፊት እንድትገልጪው ማን ፈቀደልሽ?» አሉኝ። አዳራሹ ጸጥ አለ።

እማዬ ፈቅዳልኛለች አልኳቸው። ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጣ ነበር፣ ራሷን ነቀነቀች። አዛውንቱ ግን አልረኩም። «እሷ የእሱ ጀርባ አይደለችም» አሉ። እውነት ለመናገር ወንድሜም ያለው ይህንኑ ነው። እንዳልናገር ሲለምነኝ ሰንብቷል። «እሱ ሸሚዙን ቆልፎ ሞቷል፣ አንቺ ምን ቤት ነሽ የምትፈቺው?» ብሎኛል። ወደ አዳራሹም አልመጣም። እኔ ደግሞ ሸሚዙን ያስቆለፈው የእኛው ሳቅ ነው እላለሁ። እስካሁን አልተስማማንም። እሑድ እማዬ ቤት ምሳ ላይ እንገናኛለን፣ እንደገና እንጨቃጨቅበታለን።